የእድሩ ድስትና ያልተመለሱት ጥሪዎች

ለእታለሜ ሙሉ፣ ጅግጅጋ፦

እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለው? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ? ከቆቦ ሞቅ ያለ ሰላምታ ልኬልሻለሁ፤ እዚህ ሙቀት ስለማይጎድል አልቆጠብኩም። ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ወር ሙሉ ግን አኩርፋ ነበር።

ነገሩ የእድሩ ድስት ነው። ለጥር ሠርግ ወስዳ መለሰች፤ ዕቃ ቤት ጠባቂው ጋሽ አላምረው ግን መዝገቡ አልተመለሰም ይላል አሏት። ጎረቤታችን ዘሊካ «አብሬያት ተሸክሜ ያስገባሁት እኮ ነው!» ብትል፣ እኔ የማምነው መዝገቡን ነው ብለው መለሱላት። እማዬ በሰባ ዓመቴ ድስት ሰረቀች ልባል ብላ እድር መርገጥ ተወች።

እኔም በሥራዬ ተመሳሳይ ጣጣ ገጥሞኝ ነበር። ከዚሁ ሆኜ የምጠብቀው ሰርቨር ላይ፣ ፕሮግራሞች ፋይል ለመክፈትም ሆነ መልእክት ለመቀበል ከርነል የሚባለውን የሥርዓቱን አስኳል ይጠራሉ። ጥሪው ሲገባና ሲመለስ የሚመዘግብ መከታተያ ጫንኩበት። በመዝገቡ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጥሪዎች ገብተው ሳይመለሱ ቀሩ። አለቃዬ ሚኪያስ አጥፍተህ አብራው አለኝ፤ ጥርሱን ቢያመውም ይህንኑ የሚያዝ ሰው ነው።

ፕሮግራሞቹ ግን ሥራቸውን በሰላም ጨርሰዋል። ሁለት ቀን ስፈትሽ ከረምኩ። ለካ መከታተያው ተመላሾችን የሚጠብቅበት ቦታ የተወሰነ ነው። ብዙ ጥሪዎች ባንድ ጊዜ ሲገቡ ቦታው ይሞላል፤ ትርፉ መግባቱ ይጻፋል፣ መመለሱን የሚያይለት ግን የለም። ያመለጡትን የምትይዝ አንዲት ቆጣሪም ነበረች፤ ማን ያያታል? ቦታውን አስፍቼ ባስነሳው ሁሉም ተመለሱ።

ጋሽ አላምረው ትዝ አሉኝ። ዕቃ ሲወጣ ጽፈው ለወሳጁ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ ይሰጣሉ፤ ሲመለስ ቆርቆሮውን ተቀብለው ይሰርዛሉ። ሄጄ ጠየቅኋቸው። ያላቸው ቆርቆሮ ሃያ፣ በዚያ ሳምንት የወጣው ዕቃ ሃያ ስድስት። እማዬ ቆርቆሮ አልደረሳትም፤ ስለዚህ ስትመልስም ተቀብለው የሚሰርዙበት አልነበረም። ድስቶቹን ቆጥረዋቸው ያውቁ እንደሆን ብጠይቅ «መዝገብ እያለ ምን ያስቆጥራል?» አሉኝ። ቆጠርናቸው፤ አንድም አልጎደለም።

እሁድ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ እድር ሄደች። ጋሽ አላምረው በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቀው እስክሪብቶ አነሱ። እሷም «ድስቱ ተመልሷል፤ እኔም ተመልሻለሁ። ሁለቱንም ጻፍ» አለቻቸው። ጻፉ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ሶሊያናን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ትንሹንም እንደዚያው። እማዬ ትመርቃችኋለች፤ ዘሊካም ሰላም ብላለች። መልስሽን ያለ ቆርቆሮ እቀበላለሁ።

ወንድምሽ አንዷለም
ቆቦ፣ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.