የበረዶው ሜዳና የማለዳው ጥቁር ነጠላ

ሰኞ

ጎረቤቴ እትዬ የሺ ደም ግፊታቸው ዛሬም አልወረደም። ዶክተሩ ጨው ይተዉ ቢላቸው እሳቸው ዶክተሩን ተዉት። ልጃቸው ማህሌት ለሥራ ትሬኒንግ ወደ ሚኒሶታ በራለች፤ «በዚህ በረዶ ምን አስኬዳት» ሲሉ ዋሉ።

ማታ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ማህሌት ናት፣ በሰው ስልክ። መንደርደሪያው በረዶ ለብሶ ኖሮ፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ፍሬን አልይዝ ብሎት ተንሸራቶ ሜዳ ገባ። ሰው ሁሉ ተርፏል። እሷም የእጇ አንጓ ተሰበረ እንጂ ደህና ናት። «እማ የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም። ኒውስ ላይ ሳታይ አንቺ ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አለችኝ።

እሳቸው መድኃኒት ወስደው ተኝተዋል። ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ብቻዬን? ቢወድቁብኝስ? ጠዋት ሰው ጠርተው አብረውኝ እንዲገቡ ጋሽ ተፈራን ኮል አደረግኩ፤ የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው።

ማክሰኞ

የተረገመ ቀን።

አንድ ሰው ይዘው ይመጣሉ ስል፣ ጋሽ ተፈራ ገና ሳይነጋ ግማሽ ማኅበሩን ይዘው መጡ። ብዙነሽ ከሳን ሆዜ ለቅሶ በቀጥታ የመጣች፣ ጥቁር ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። ኦክላንድም ብንኖር፣ በማለዳ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ ሰው መርዶ ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም። እኔ ራሴ ስንቱን ቤት እንዲህ ሄጃለሁ። እንዴት ጠፋኝ?

እትዬ የሺ ከፈቱ። እኛን አዩ፣ ነጠላውን አዩ። ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ የሺ፣ ጠንከር ማለት ነው» ከማለታቸው፣ «ልጄን!» ብለው እዚያው በሩ ላይ ወደቁ። ደህና ናት፣ ደህና ናት ብል ማን ይስማኝ።

አምቡላንስ ወሰዳቸው።

ረቡዕ

ተመልሰዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሾርባ ሠርቼ ሄድኩ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈት አድርገው «ልጄን በቁሟ ቀበርሻት። ሾርባውን ለቀባሪዎችሽ አጠጪ» አሉኝና ዘጉት።

እሺ። እኔም አፍ አለኝ። ክሊኒክ የሚያመላልሳቸው ማን ሆነና ነው? ጋሽ ተፈራ ላይ ደውዬ ለፈለፍኩባቸው። «ሰው ጥሩልኝ ያልሽው አንቺ» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ብዙነሽማ ላውንድሪ ክፍል አግኝታኝ፣ ልብሷን ከነውሃው ይዛ ወጣች።

ልጄ ሳሮን ደግሞ «ማም፣ ብቻሽን ኖክ ብታደርጊ ኖሮስ?» ትለኛለች። ዝም በይ አልኳት።

ሐሙስ

ማህሌት ገባች። ያውም በአውሮፕላን! በግድግዳው በኩል ለቅሶና ሳቅ ይሰማኛል። አልሄድኩም። ኩራት ነው። ፍርሃትም አለበት።

አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። ማህሌት ናት፣ እጇ በጀሶ። «እማ አሁንም ሪሊ ማድ ናት» አለችኝ፤ «ስምሽን ሳትጠራ ነው የምትሳደበው።» እኔም እንደተናደድኩ ንገሪያት ልል አፌን ስከፍት፣ የተላከችውን ነገረችኝ፦

«ሾርባዋን ይዛ ነገ ትምጣ። ፀሐይ ሞቅ ሲል። ብቻዋን። ጥቁር ካልሲ እንኳ እንዳታደርግ።»