ሦስተኛው የኮት ቁልፍ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

በታላቅ ሐዘን ይመዝገብ። ዛሬ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ዝንብ «የጨው ዘንዶ» በተባለው መጽሐፍ ገጽ 88 እና 89 መካከል ሕይወቷ አልፏል። የአሟሟቷ ሁኔታ፦ አንባቢው ሰልችቶት መጽሐፉን በድንገት ዘጋው። ተጠያቂው ደራሲው ነው።

ዘንዶው የጨው ነጋዴዎችን ከነግመላቸው ይውጣል። ይሁን፣ ዘንዶ ነው። ግን በቆላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በስምንት ሰዓት ይበራል! ደራሲው ከደብረ ሲና ወደ ታች ወርዶ አያውቅም ማለት ነው። እዚህ ሸዋ ሮቢት በስምንት ሰዓት አሞራ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ደግሞ ያን ሁሉ ጨው በልቶ አንድም ቀን ውሃ አልጠማውም። 88 ገጽ ሙሉ... አንድ ጣሳ ውሃ!

እንግዳ ተቀባይ እንደመሆኔ የሆቴሉን ማህተም መታሁበት። «ታይቷል።» ከሥሩ በእጄ፦ «ለእንቅልፍ ይረዳል።»

አስተናጋጇ ሶስና ትሪ ይዛ ስታልፍ አየችኝ።

«ጋሽ ፍቅሩ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ቀበሩ?»

«ዝንብና ዘንዶ።»

«ነፍስ ይማር» ብላ አለፈች።

ጥቅምት 6

የተረሱ መጻሕፍት የሚቀመጡበት የቁም ሳጥኑ ደንብ በማን እንደወጣ ተጠየቅኩ። በእኔ ነው። ጠያቂው ኸድር ነው፤ ባጃጁን ደጃፋችን አቁሞ ተሳፋሪ ከሚጠብቅ እኔን መጨቅጨቅ የሚቀናው።

ደንቡን በቃል አነበብኩለት። አንደኛ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ ለምሳ ወርዶ የረሳው መጽሐፍ ለባለቤቱ ሠላሳ ቀን ይጠበቃል። ሁለተኛ፣ በሠላሳው ቀን ውስጥ እንዳይሻግት እንግዳ ተቀባዩ ያነበዋል። ሦስተኛ፣ ከእንግዳ ተቀባዩ በኋላ፣ የፈለገ።

«እኛስ መቼ ነው አንደኛ የምንሆነው?»

«አንደኛ አንድ ነው፣ ኸድር።»

ልጁ አልገባውም። ሰው ሁሉ የሚኮራበት ነገር አለው። አንዱ በማሾ ማሳው፣ አንዱ በልጁ። እኔ ማሾም ልጅም የለኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት የየመጽሐፉን ገዳይ ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ትንሽ ነገር ነው? ይሁን። የእኔ ነው።

ጥቅምት 11

ከትናንት በስቲያ ድንቅ መጽሐፍ ተረሳ! «አራተኛው ብርጭቆ» ይባላል። አንድ ደንዳና ሰውዬ ከወንበሩ ሥር ጥሎት አውቶቡሱን ሮጦ ያዘ። እግዜር መንገዱን ያቅናለት፤ ብቻ እንዳይመለስ።

አንድ ነጋዴ ኮቱን እንደለበሰ ወንበር ላይ በመርዝ ሞቶ ይገኛል። ጠረጴዛው ላይ አራት ብርጭቆ። ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ሟቹ፣ ሐኪሙ፣ የሟቹ እህት። አራተኛው የማነው? ምሳ ሳልበላ ጨረስኩት። አልጨረስኩትም... መጨረሻው የለም! መርማሪው ገጽ 208 ላይ ቆሞ «ገዳዩ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው» ይላል፤ ከዚያ የጀርባ ሽፋን። ማውጫው እንደሚለው አሥራ ስድስት ገጽ ተገንጥሏል። በእነዚያ ገጾች አንዱ ለመንገድ ቆሎ ጠቅሎባቸው ይሆናል። የዚያ ሰው ጥርስ ቆሎውን አይፍጨው።

ለእኔ ግን ችግር አይደለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምግብ ቤቱ መካከል ቆሜ አስታወቅኩ፦ ገዳዩ ሐኪሙ ነው። መርዝ ያለው ማን ጋ ነው? ሐኪም ጋ። የተከራከረ የለም።

ኑርሃን ብቻ «ጋሽ ፍቅሩ፣ እኔም ልየው?» አለች። የሆቴሉን የፊት ክፍል ተከራይታ ልብስ የምትሰፋው ልጅ ናት። ሰጠኋት። በተራዋ፣ ከእኔ በኋላ።

ጥቅምት 15

ኑርሃን መጽሐፉን መለሰች። አንገቷ ላይ ሜትሯ ተንጠልጥሏል።

«ሐኪሙ አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

«እህቱ ናት።»

ሳቅኩ። እሷ ገጽ 31ን ገለጠች። ጣቷን ያስቀመጠችበት መስመር እንዲህ ይላል፦ የሟቹ ኮት ሦስተኛ ቁልፍ በነጭ ክር ተሰፍቷል፣ ሌሎቹ በጥቁር።

«ማን ሰፋው?» አለች።

«የትም ተበጥሶ የተሰፋ ይሆናላ።»

«ጠዋት ከቤት ሲወጣ ገጽ 9 ላይ ኮቱ አዲስ ነው ይላል እኮ። ከእጄ የወጣ አዲስ ኮት በአንድ ቀን ቁልፉ አይበጠስም፤ ሰው ካልጎተተው። የጎተተው ሰው ደግሞ መልሶ ሰፋው። ጥቁር ክር ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ አልነበረውም። በዚያ ቤት መርፌና ክር ያለው ደግሞ እህቱ ጋ ነው።»

«ክር ሰው አይገድልም፣ ኑርሃን።»

«አይገድልም። ግን ያሳብቃል፣ ወላሂ።»

ሄደች። ገጽ 31... ሦስት ጊዜ አልፌዋለሁ። መርዝ ስፈልግ ክሩን ረገጥኩት?

ጥቅምት 20

ኑርሃን መጨረሻውን ጻፈችው! በደብተር። ልክ አሥራ ስድስት ገጽ። ማን አዘዛት?

ሶስና ወጥ ቤት ሆና ስታነብ ሽሮው አረረ። አንድ ደንበኛ ያረረ ሽሮ ቀርቦለት አልተቆጣም፤ ደብተሩን ተቀብሎ እሱም ማንበብ ያዘ። ኸድር ባጃጁ ውስጥ ጮክ ብሎ ለሁለት የቀወት ገበሬዎች አነበበላቸው፤ ደርሰው አንወርድም አሉ።

እኔም አነበብኩት። ቆሜ፣ እንደማያነብ ሰው። አራተኛው ብርጭቆ የእህቱ ነው፤ የመጀመሪያው ብርጭቆዋ ተጋጭቶ ስለተሰነጠቀ አጠገቡ የጨመረችው። ወንድሟ መርዝ መጠጣቱ ሲገባው ያዛት፤ ተጎታተቱ፤ ቁልፉ በረረ። ከዚያ ሲሞት አጠገቡ ቁጭ ብላ ሰፋችለት። «ብትገድለውም እህቱ ናት፤ ደረቱ ተከፍቶ ሰው ፊት አታወጣውም» ይላል።

ሆድ ዕቃዬን የሆነ ነገር ፋቀኝ። ቅናት አይደለም። ቃር ነው። ወተት ጠጣሁ።

ጥቅምት 23

ለእውነት ስል የደብተሩን ጉድለቶች መዝግቤአለሁ። ገጽ አራት ላይ አራት ነጥብ ቀርቷል። ገጽ ሰባት ላይ የዘይት ጠብታ አለ፤ የማሽን። ሽፋኑ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ታትሟል፤ ይህ ለነፍስ ግድያ ታሪክ የሚመጥን አይደለም።

ለሶስና ነገርኳት። «ቃሩ አልተሻለዎትም?» አለችኝ።

ኸድር ደግሞ፦ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ኑርሃን ትቅደም። እርስዎ ፍርድ ይሰጣሉ፣ እሷ መጨረሻ ትሰጠናለች።»

ይኸው! የተፈራው ይህ ነበር! እዚያው ሁሉም ሰው ፊት አወጅኩ። ያልተቀደደ መጽሐፍ ተገኝቶ ገዳዩ ሐኪሙ ካልሆነ የቁም ሳጥኑን መክፈቻ ለኑርሃን አስረክባለሁ።

«ሐኪሙ ከሆነስ?» አለ ኸድር።

«ደብተሩ ከምግብ ቤቱ ይወጣል።»

ኑርሃን መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ቀና ሳትል «እሺ። መጽሐፉ ይፍረድ» አለች። ምን አለ ትንሽ እንኳ ብትፈራ?

ኅዳር 1

መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ቀን አውቶቡስ የለም። የተረሳ ነገር የለም፤ አንድ እግር ካልሲ ብቻ፣ እሱም የኸድር ነው። ገጽ 31ን እንደገና አነበብኩት። ክሩ አለ። ከነነጭነቱ።

ኅዳር 5

መንገዱ ተከፈተ። አራት አውቶቡስ በአንዴ!

ጥግ ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት በያይነት እየበላች ታነባለች። ሽፋኑን አየሁ... «አራተኛው ብርጭቆ»! ሙሉ! ጠረጴዛዋ ድረስ ሄድኩ።

«እመቤቴ፣ የመጨረሻዎቹን አሥራ ስድስት ገጾች ብቻ... የክብር ጉዳይ ነው።»

«ሃያ ደቂቃ ነው ያለን፤ ለምን በስልክዎ አያነሱትም?»

አነሳሁት። እያነሳሁ አነበብኩ። ገጽ 211 ላይ ደረስኩና ጮህኩ፦ «ሐኪሙ ነው! ሐኪሙ ነው!»

ሴትየዋ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። «ኧረ ሰውዬ! እኔ እኮ ገና ገጽ 140 ነኝ!»

ይቅርታ ጠየቅኳት። መጽሐፏን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሳትረሳው ሄደች።

ኅዳር 6

ሁሉንም ሰብስቤ ከስልኬ አነበብኩላቸው። ሐኪሙ ማንም ሳይጠይቀው ብድግ ብሎ ራሱ ያምናል። አራተኛው ብርጭቆ? ሐኪሙ ደጋግሞ ጠጥቶ ነው። የቀሩት አሥራ ሦስት ገጾች የመርማሪው ሠርግ ናቸው።

ጨረስኩ። ማጨብጨብ ቢኖር ይሰማ ነበር።

ሶስና፦ «ቁልፉንስ ማን ሰፋው?»

ስልኬን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋሁ። የለም። አንድም ቃል።

«ደራሲው ረስቶታል» አለ ኸድር።

ኑርሃን ተነሳች። ደብተሩን ከሶስና እጅ ወሰደች። «ውል ውል ነው። አሸንፈዋል ጋሽ ፍቅሩ፣ ማሻአላህ።» ድምፅዋ ውስጥ ሽሙጥ ፈለግኩ። ብታሽሟጥጥ በተሻለኝ ነበር።

ኅዳር 7

አሸናፊው ቃሩ ብሶበታል።

ኅዳር 12

አምስት ቀን ሙሉ መጽሐፍ የጠየቀኝ የለም። አንደኛ ነኝ፤ ሁለተኛ ግን የለም። ሁለተኛ ከሌለ አንደኛ የምን አንደኛ ነው?

ደህናውን የሱሪዬን ስፌት በጥፍሬ ትንሽ ተርትሬ ኑርሃን ጋ ገባሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ከወረቀት የተቆረጠ የልብስ ልክ ተዘርግቷል፤ ጽሑፍ አለበት። ዘቅዝቄ አነበብኩት፦ «...ብትገድለውም እህቱ ናት፤ ደረቱ ተከፍ...» ትከሻው ጋ ሲደርስ ተቆርጧል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እጅጌ። የሙሽራ ቀሚስ።»

«ደብተሩ ነው እንዴ!»

«ከምግብ ቤቱ ይውጣ አሉ፣ ወጣ። ወረቀት ደግሞ አይጣልም።» ቀጠል አድርጋ፦ «ሱሪውን ማን ነው እንዲህ የተረተረው? ጥፍር ነው።»

ከዚች ልጅ የሚሰወር ነገር የለም! ተቀመጥኩ። የበሰበሰ ጥርስ ነቅዬ ያወጣሁ ያህል አመመኝ፦

«ክሩን... እኔ አላየሁትም ነበር። ሦስት ጊዜ አንብቤ።»

ማሽኑን አቆመች። «አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ቢያዩት ማህተም ይመቱበት ነበራ።»

ሳቀች። እኔም ሳልወድ። ከዚያ የተቆረጡትን ገጾች እንደገና እንድትጽፋቸው ለመንኳት።

«ለማን ብዬ?»

«ለመጽሐፉ። ጎደሎ ነው።»

«ሙሉውን አግኝተው የለም እንዴ?»

«ጎደሎው እሱ ነው።»

መቀሷን አስቀመጠች። «የሠርጉ ቀሚስ ካለቀ በኋላ» አለች።

ኅዳር 21

አለቀ። አሥራ ስድስቱን ገጾች መጽሐፉ ጀርባ ላይ በማሽን ሰፋቻቸው። በነጭ ክር። ጥቁር ክር አጥታ አይደለም፤ ሦስት ጥቅልል አይቻለሁ።

የቁም ሳጥኑን መክፈቻ ሰጠኋት። አልቀበልም አለች፤ «ውሉን እኮ ያሸነፉት እርስዎ ነዎት።» አሸናፊ እንደመሆኔ ያሻኝን አደርጋለሁ ብዬ ጠረጴዛዋ ላይ ትቼው ወጣሁ። ኸድር ደጃፍ ሆኖ አጨበጨበ። ዝም በል አልኩት።

ዛሬ ከደሴ አውቶቡስ አንድ መጽሐፍ ተረሳ። ሐይቅ ሥር ስላለ ከተማ ነው፤ ነዋሪዎቹ ድምፃቸውን በጠርሙስ ያስቀምጣሉ መሰለኝ። ከሽፋኑ በላይ አላየሁትም። ኑርሃን እያነበበችው ነው። ይኸው በግድግዳው በኩል ትስቃለች... ምኑ ላይ ደርሳ ይሆን? ገጽ ስንት?

ማስተካከያ። በዚህ ማስታወሻ ጥቅምት 11 ቀን «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ተብሎ የሰፈረው ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። የታተመው መጽሐፍም በዚሁ ስህተት ውስጥ ይገኛል። ገዳይዋ እህቱ ናት። በተጨማሪም ጥቅምት 20 ቀን «ቃር» ተብሎ የተመዘገበው «ቅናት» ተብሎ ይነበብ። ሕመሙ እንደቀጠለ ነው።

ታይቷል።