የግራ እግሬን የንግድ ምስጢር ስላደረጉልኝ

ለተከበሩ ጠበቃ ሲብራንድ ሄሪንጋ፣
የንግድ ምስጢርና የሠራተኞች የውድድር ክልከላ ጉዳዮች ሊቅ፣
ግሮኒንገን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለሁለቱም እግሮችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ በዚሁ ከተማ የቦዩን ድልድይ ለጀልባዎች የምከፍትና የምዘጋ፣ የግራ እግሬን ከጉልበት በታች በሞተር ብስክሌት አደጋ ያጣሁ ሴት ነኝ። ስለዚህችው እግር በችሎት ረዘም ያለ ንግግር ስላደረጉልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፦ ሰው ሠራሽ እግሬን ለዓመታት የሠራልኝ ዊበ ታሚንጋ እርስዎ ጥብቅና የቆሙለትን ኩባንያ ለቆ በቤቱ ጓሮ የራሱን ሥራ ሲጀምር፣ ከከተማው አርባ ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ለአንድ ዓመት እንዳይሠራ የሚከለክለውን የሥራ ውሉን አንቀጽ ከተኛበት ስለቀሰቀሱልን ባለውለታዎ ነኝ። ኩባንያው ከእሱ በኋላ የሠራልኝ እግር ቆዳዬን ልጦ አቆሰለኝ፤ ቁስሉም አመረቀዘ። ሐኪሜም ቁስሉ አጥንት ከደረሰ ከጉልበት በላይ መቁረጥ ግድ እንደሚሆን ሳትደብቅ ነገረችኝ።

ሁለተኛ፦ ከሐኪሟ እንደወጣሁ እያነከስኩ ዊበ ደጅ ሄድኩ። በሩን ከፈተልኝ እንጂ አላስገባኝም። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «አልቲና፣ ቁስልሽን አታሳዪኝ። ካየሁት እነካዋለሁ፤ ከነካሁት ደግሞ ቤቴን በቅጣት ይወስዱብኛል» አለኝ። ሚስቱ ከጀርባው ቆማ ታለቅስ ነበር። እኔም ጥሎን ስለሄደ ተቆጥቼ ልሰድበው ሄጄ፣ እያነከስኩ ተመለስኩ። እንዲህ ያሉ እጆች በብብት እንዲያርፉ ያደረገ የሕግ ዕውቀትዎ ይባረክ።

ሦስተኛ፦ ኩባንያው ዊበን በከሰሰበት ችሎት ዕለት የደንበኞች የአካል ልክ የኩባንያው ምስጢር እንደሆነ፣ ዊበም የእግሬን ቅርጽ በጭንቅላቱ ይዞ መውጣቱ ከስርቆት እንደሚቆጠር ባማረ ቋንቋ አስረዱ። ዳኛዋ ልኩን ከየት እንዳገኘው ሲጠይቁት ዊበ፣ «ከእግሯ ላይ ነው፣ ክብርት ዳኛ» አለ። ሰው ሳቀ፤ እርስዎ አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም። ሳልጠየቅ ተነሣሁ። እግሬን ፈታሁና በክራንች እየተደገፍኩ መጥቼ ጠረጴዛዎ ላይ አኖርኩት። «ይህ የኩባንያው ነው፤ ይረከቡኝ። ቁስሉንስ ለማን ላስረክብ?» አልኩዎ። ወረቀቶችዎን ወደ ራስዎ ሰበሰቡ። ደም እንዳይነካቸው ሠግተው ከሆነ ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። ዳኛዋ በቁጣ እንድቀመጥ አዘዙኝ፤ ቁስሉን ግን ዓይተውት ነበር።

ፍርዱን እርስዎም ያውቁታል። የአካሌ ልክ የእኔው ነው ተባለ፤ ክልከላው ግን ጸና፣ ዊበ ፈቅዶ ፈርሟልና። ስለዚህ ዊበ አርባው ኪሎ ሜትር ካለቀበት አልፎ፣ ሌዋርደን ከተማ ውስጥ ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ ክፍል ተከራየ። እኛ የቀድሞ ደንበኞቹም ማክሰኞ ማክሰኞ በባቡር እንከተለዋለን፤ ፉርጎው በአንካሶች ስለሚሞላ የባቡሩ ተቆጣጣሪ የመውረጃውን ሳንቃ ሳንጠይቀው ይዘረጋልናል። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ዊበ ቁስሌን አየ። እጁን ታጠበና ሥራውን ጀመረ። ቁስሉ ቀስ እያለ ጠገገ፤ ጉልበቴም ተረፈልኝ። ትናንት ድልድዩን ያለ ክራንች ከፈትኩ።

በሕግ ፊት ከእርስዎ እኩል፣ በደረጃ ላይ ግን ዘግይቼ የምደርስ፣ ምንጊዜም አክባሪዎ፣

አልቲና ኦስተርሆፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ማክሰኞ ዊበ ዘንድ ከእኔ ቀድመው ወረፋ የያዙት፣ ስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸውን ያሳጣቸው አባትዎ ሰላም ብለውዎታል። ሰዎቹ ስምዎን እያነሱ ሲያማርሩ ሽማግሌው፣ «ልጄ ክፉ አይደለም፤ ሥራው ሆኖበት ነው» እያሉ ያለ አንዳች ክፍያ ጥብቅና ቆሙልዎ። ከመካከላችን ያመናቸው ግን አልነበረም።