የእኛ ተመስገን

ለውድ ልጄ ለኢዩ፣ ኖርዌይ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ አዳማ ያለነው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዚያን አገር ብርድ እሱ ያቅልልህ።

የሥራ ባልደረቦችህ «እናንተ ሐበሾች ምንም አያስጨንቃችሁም፣ ሁሌ ተስፈኞች ናችሁ» እንደሚሉህ በስልክ ስትነግረኝ ስቄ ነበር። አይፈረድባቸውም። ክፉም ደጉም ሲመጣ ተመስገን ስትል ሰምተው ነው።

አባትህ በአይሱዙው ሽንኩርት ሊጭን አቦምሳ ሄዷል። ለፋሲካ ገበያ አደርሳለሁ ብሎ ነበር፤ ፋሲካን ያለ እሱ ዋልን። ስደውልለት የምታነሳው ያቺ «ጥሪ አይቀበልም» የምትለው ሴት ናት። መንገዱ ላይ ኔትወርክ እንደሚያስቸግር ታውቃለህ። ጥሩምባውን ሲነፋ ቶሎ እንዲገባ የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ እውላለሁ።

ጎረቤቶቻችን ጠዋት ማታ እየመጡ አብረውኝ ይቀመጣሉ። ስለ ሙቀቱ ያወራሉ እንጂ አባትህን ማንም አያነሳም። ትናንት ዲንቄ ጥቁር ለብሳ መጣች። ተቆጥቼ ከበር መለስኳት፤ ቀይራ መጣች።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ልጇ ቢሊሴ ናት። ብትጠይቃት ሁሉም ደህና ናቸው ትልሃለች፤ እንዲያ በይ ብያታለሁ። ደውለህ «አባቴስ?» ብትለኝም «ደህና ነው፣ ተመስገን» እልሃለሁ። አንተ ግን እዚህ ነው ያደግኸው። እንደ ፈረንጆቹ አትስማኝ።

በዓይነ ሥጋ ለመተያየት ያብቃን፤ አንተንም፣ እኔንም፣ አባትህንም።

እናትህ ተሻለች