ካይሮን ፈራች የተባለችው እህታችን

ለታላቅ ወንድሜ፣ ለዶርትሙንዱ ሐኪም፤

እንደምን ሰንብተሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ያ በፈተና ሰሞን የሚነሣብህ ራስ ምታት ተወህ ወይስ እሱም እንዳንተ ጀርመን ገብቶ ሰለጠነ? እኛ ከከተማችን ከማላዊ ሙቀት፣ ከትንኙና ባለፈው ሐሙስ በስልክ ካወረድክብኝ ስድብ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ስድቡን ደግሞ ወድጄዋለሁ። ‹‹አንተ መሃይም ባለ ባጃጅ፣ እህታችንንም እንዳንተ ጎማ ነፊ ልታደርጋት ነው›› ስትለኝ እማዬ አጠገቤ ነበረችና ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማኋት። ‹‹ሰው አገር ገብቶም አፉ የማላዊ ነው›› ብላ ደስ አላት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጎረቤታችን የእትዬ ቴሬዛ ልጅ ጊርጊስ ነው፤ ከአይቡና ከደረቁ የሞሎኺያ ቅጠል ጋር። በስልክ ያልጻፍኩት ስልኬን እማዬም ኢሪኒም ስለሚከፍቱት ነው። ደግሞም እማዬ እጄን ወንጌል ላይ አስጭና ያስማለችኝ ነገር አለ። መሐላዬን አላፈርስም። እኔ የምጽፍልህ ስለ እህታችን ስለ ኢሪኒ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ብቻ ነው። ‹‹በአንተ ምክንያት ነው ካይሮ የቀረባት፣ አጥፍተሃታል›› ብለኸኛልና መልስ ይገባሃል።

ምርጫ የተሞላበትን ቀን ታስታውስ እንደሆነ እንጃ። አንተ በስልኩ መስኮት ውስጥ፣ እኛ ሶፋው ላይ ተደርድረን፣ ኢሪኒ ኮምፒዩተሩ ፊት። ‹‹አንደኛ ካይሮ፣ ሁለተኛ አሌክሳንድርያ፣ የቅርቡን ሚንያን ወደ ታች አውርጂው›› አልካት። እሷ ጣቷን አንጠልጥላ ቆየች። ‹‹ምን ትጠብቂያለሽ ዶክተር?›› ብለህ ስታጣድፋት ተጫነችው። ጣቱ የእሷ ነው፣ የተጫነው ግን አንተ ነህ። እንዳንተማ ቢሆን ከዚያው ሆነህ የደም ግፊታችንንም ትለካ ነበር።

ካይሮን አትፈልግም ነበር እያልኩህ አይደለም። ትፈልግ ነበር፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምራ። የካይሮን የምድር ውስጥ ባቡር ፌርማታዎች በቃሏ አጥንታ ሳህን ስታጥብ እንደ ውዳሴ ማርያም ትደግማቸው ነበር። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ‹‹ከዶኪ ቀጥሎ?›› እላታለሁ። ‹‹ኦፔራ›› ትለኛለች። ‹‹ተሳሳትሽ፣ ዶኪ ላይ ወርደሽ ለወንድምሽ ሳንድዊች ትገዢያለሽ›› ስላት እጣቢውን ትረጨኛለች።

ነጥቧ የወጣ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ታመመ። ገና የት እንደምትመደብ ሳይታወቅ ‹‹ዶክተር›› ብለው ጀመሩ። እኔም በካርቶን ላይ ‹‹የዶክተር ኢሪኒ ክሊኒክ፤ ጫማ አውልቁ፣ ምላስ አውጡ›› ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ሰቀልኩ። መጀመሪያ የመጡት እትዬ ቴሬዛ ናቸው። ‹‹ልጄ፣ ምደባሽ አልደረሰም አሉ፤ ጉልበቴ ግን ምደባ አይጠብቅም›› ብለው ቀሚሳቸውን ገለጡ። አጎት ሻውቂ ደግሞ ‹‹የእኔ ሕመም ለሴት ልጅ የሚታይ አይደለም›› ብለው ተኮፈሱ። ‹‹ባጃጄ ላይ ሲቀመጡ የሚያቃስቱበትን ምክንያት እኮ መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል›› ብላቸው በከዘራ አሳደዱኝ።

ሁሉ ሲስቅ ኢሪኒ አልሳቀችም። መጠበቁ ነው የጨነቃት ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ። ሥራዬን ታውቀዋለህ። የጓደኛዬን ስልክ ተውሼ ጣራ ላይ ወጣሁና፣ አፌን በመሐረብ ሸፍኜ፣ በዚያ በአፍንጫቸው በሚናገሩት የካይሮ ሹማምንት ድምፅ ደወልኩላት። ‹‹ከምደባ ቢሮ ነው። ይቅርታ እመቤት ኢሪኒ፣ ካይሮ ሞልቶብናል። ሚንያ ነው የደረሰሽ›› አልኩ። እሷ ግቢው ውስጥ የውኃው በርሜል ዘንድ ቆማለች፤ ከላይ ሆኜ አያታለሁ። ጩኸቷን ጠብቄ ጆሮዬን ከስልኩ አራቅሁ። አልጮኸችም። በርሜሉን ተደግፋ አማተበችና፣ ቀስ ብላ፣ ‹‹ተመስገን›› አለች።

ወንድም ጋሼ፣ ስንት ሰው አታልያለሁ፤ በቀልዴ የደነገጥኩት ያን ቀን ነው። ወርጄ ‹‹እኔ ነኝ እኮ›› ስላት በነጠላ ጫማ መታችኝ። ስላታለልኳት እንዳይመስልህ። ውሸት ስለሆነ ነው።

በማግስቱ እውነተኛው መጣ። ካይሮ፣ አንደኛ ምርጫ። እማዬ እልል አለች፤ እልልታው መሐል ላይ ትንፋሽ አጠራትና እትዬ ቴሬዛ ተቀብለው ጨረሱላት። ለደስታ የሚታደለው ቀዩ ሻርባት ተበጠበጠ። ኢሪኒ ትሪውን ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር ፊቷን ያየ የሐዘን ውኃ የምታድል ይመስለው ነበር። አንተ በመስኮትህ ውስጥ አለቀስክ። ‹‹ከዚያ ደግሞ ወደ እኔ ነው የምትመጪው›› አልካት። እማዬ ይህን ስትሰማ ሻርባቷን ሳትቀምስ ለእኔ አቀበለችኝ። እሷ ጠጥታ ቢሆን ኖሮ ነበር የሚገርመኝ።

እንግዲህ መንግሥታችን ከቤቱ ርቆ ለተመደበ ልጅ ያዝናል፤ ‹‹ባይተዋርነትን መቀነሻ›› የሚሉት ማመልከቻ አለው። አመልክተህ ከተፈቀደልህ ወደ ቤትህ ቀርበህ ትማራለህ፤ የሩቁን ግን ለዘላለም ትተዋለህ። ለትልልቅ ሐኪሞችም ይሠራ እንደሆነ የምደባ ቢሮውን ዘበኛ ጠይቄልህ ነበር። ‹‹ጀርመን በእኛ ዝርዝር ውስጥ የለችም›› አለኝ።

ኢሪኒ ለማንም ሳትነግር አመለከተች፤ ሚንያ ተቀበላት። ለጥቂት ቀን ካይሮን በአንድ እጇ፣ ሚንያን በሌላው ይዛ ዞረች። ወሬው ሲወጣ ቤታችን ሸንጎ ሆነ። አጎት ሻውቂ ‹‹ጥሩ አደረገች፣ ካይሮ ሴት ልጅን ትበላለች›› አሉ። እማዬ ‹‹ሁለት ዓመት ወታደር ሆነህ ኖረህባት አንተን ያልበላች ከተማ ማንን ትበላለች?›› አለቻቸው። ከዚያ ወደ ኢሪኒ ዞራ፣ ‹‹ለእኔ ብለሽ እንደሆነ የጠባሽው ጡት ይፋረድሽ›› አለቻት። ኢሪኒ ቀና ብላ፣ ‹‹ለማንም ብዬ አይደለም። ካይሮን ፈራሁ፤ ሰዉ ይበዛል›› አለች። በዚህ ዓለም የእኔን ያህል ውሸት የሚያውቅ የለም። ከዚያ የተሻለ ውሸት አልሰማሁም። ያኔ ነው አንተ ደውለህ ‹‹ፈሪ፣ ከገጠር የማትወጪ›› ያልካት፤ ከዚያም ወደ እኔ የዞርከው። ዝም አልኩህ። አንተን ዝም ማለት ለእኔ ጾም ነው።

አንድ ቀን ሳህን ስታጥብ እንደ ድሮው ‹‹ከዶኪ ቀጥሎ?›› አልኳት። ‹‹ረሳሁት›› አለችኝ።

አሁን ስለ ልብስና ስለ ምግብ ልጻፍልህ። ይህ መሐላ ውስጥ የለበትም።

በየሳምንቱ ሐሙስ ትደውላለህ። ቅዳሜ፣ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት አትደውል፣ እማዬ የማኅበር ጸሎት አላት ተብለሃል። አምነህ ተቀበልክ። ይህን ያህል የሚጸልይ ሰው እስካሁን ክንፍ አውጥቶ በበረረ። የማደርሳት እኔ ነኝ፤ ሄዳ እስክትጨርስ ባጃጁ ውስጥ ተኝቼ እጠብቃለሁ። ስትመለስ እንደ ታጠበ ጨርቅ ሆና ነው። በነሐሴ፣ በማላዊ፣ ሰው ቆዳውን አውልቆ መስቀል በሚመኝበት ወር፣ እጅጌዋ እስከ መዳፏ መውረዱን አላየህም? ግራ ክንዷን ካየህ ዓመት አልፎሃል። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼበታለሁ፤ ሐኪሞቹ የሰፉት ደም ሥር ከቆዳዋ በታች እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል። የላክህላትን ቸኮሌት የሰፈር ልጆች በሉት። ቴምር አትነካም፣ ብርቱካን አትነካም፣ ቲማቲም እንኳ በሥርዓት ነው። ውኃ የምትጠጣው በሻይ ብርጭቆ ነው፤ ያቺን ብርጭቆ ስታያት ቀኑን ሙሉ የምትጎነጨው አረቄ ይመስልሃል። ይህን ግን ስማ፦ እማዬ፣ ልጅ ስትወልድ እንኳ ጾመ ፍልሰታን ያልገደፈችው እማዬ፣ ዘንድሮ በፍልሰታ እንቁላል በላች፤ ነጩን ብቻ። ንስሐ አባቷ አባ ሚሳኤል አጠገቧ ቆመው ‹‹በትእዛዜ ነው፣ ብዪ›› እያሏት። እያለቀሰች በላች። እኔም ‹‹አስኳሉን ለእኔ ተዉልኝ›› ብዬ አሳቅኋት።

ስሙን አልጠራሁም። ጾሙ ሲፈታ ሥጋ ሻጩ አዝሚ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ‹‹ኩላሊት ልጨምርልህ?›› ሲለኝ ሥጋውን ጥዬ ወጣሁ። የጠራው እሱ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

ለምን ደበቃችሁኝ ትል ይሆናል። አባባ ሲሞት ፈተናህን ጥለህ መጥተህ ዓመት እንደባከነብህ እማዬ ዛሬም በጣቷ ትቆጥረዋለች። ‹‹አንድ ጊዜ በሞት አስጠራሁት፤ አሁን ደግሞ በሕይወቴ እያለሁ አላስጠራውም›› ነው የምትለው። እኔ ግን የምቃጠለው በሌላ ነው። እሷ ብትደብቅስ፣ አንተ ለዚህ አይደል ስንት ዓመት የተማርከው? ዶርትሙንድ ውስጥ የማታውቀው ሽማግሌ ፊቱ ትንሽ ቢያብጥ ከበር ላይ ለይተህ ታውቃለህ አሉ። የእናትህን ፊት በየሐሙሱ እያየህ ‹‹ወፈርሽ እማዬ፣ ተስማማሽ›› ነበር የምትላት። ስልኩ ሲዘጋ ፌዜን እንኳ ሳልጀምር እሷ ናት ቀድማ የምትስቀው፤ ‹‹ተወው፣ ከሩቅ እያየ ነው›› ብላ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ‹‹በአንተ ምክንያት ነው የቀረችው›› ብለሃል። ልክ ነህ። በሰኔ፣ ፈተናዋን እንደጨረሰች፣ ኢሪኒና እኔ ሚንያ ሄደን ለምርመራ ደም ሰጠን። የእሷ አልሆነም አሉ። ባጃጅ ውስጥ እስክንገባ ድረስ ችላ፣ ከዚያ እስከ ማላዊ አለቀሰች። የእኔን ያዩት ሐኪም ግን ወረቀቱን ደግመው አዩና ‹‹አንተማ ከእናትህ ጋር አንድ ነህ›› አሉኝ። ሰዉ ሁሉ እማዬን የሚመስለው ትልቁ ነው ሲል አልነበር? እኔን ‹‹የአህያ ገበያ ላይ የተገኘ›› ትሉኝ አልነበር? ይኸው፣ ተመርምሮ ወጣ።

እማዬ መጀመሪያ በእኔም ላይ ጡት ልታስፈርድ ነበር፤ አባ ሚሳኤል ናቸው ያስለቀቋት። እንግዲህ ከልደት በዓል በኋላ እሷና እኔ ሚንያ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ሁለት አልጋ እንይዛለን። ባጃጁን ለአንድ ልጅ አከራየዋለሁ። ለጥቂት ወራት ከባድ ነገር አታንሣ ተብያለሁ፤ ድሮስ ከሰው ስም ሌላ ምን አንሥቼ አውቃለሁ? ሁለት ሰው አልጋ ላይ፣ አባባ መቃብር፣ አንተ ዶርትሙንድ። ኢሪኒ እኛን ቆጥራ ቆሞ የሚቀረው ማን እንደሆነ አየች። ‹‹ካይሮ ሂጂ፣ እትዬ ቴሬዛ አሉ›› አልኳት። ‹‹እትዬ ቴሬዛ ጉልበታቸውን ይዩ፤ ሁለታችሁን የማየው እኔ ነኝ›› አለችኝ። ካይሮን መፍራቷ ይህ ነው።

ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም። በዚያ ላይ መሐላ አለብኝ። እኔን ስትሰድበኝ ኑር፤ ካልሰደብከኝ የታመምክ ይመስለኛል። ኢሪኒ ግን ‹‹ፈሪ›› ካልካት ወዲህ ስምህ በተነሣ ቁጥር ተነሥታ ሳህን ታጥባለች፤ የታጠበውን። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ የትምህርት ሳምንቱ ሲገባ፣ ትጀምራለች። ገና ጎህ ሳይቀድ ነው በሚኒባስ የምትሄደው። ቀድመህ ደውልላት። ስለ ካይሮ አታንሣ። ነጩን ጋውን ለብሰሽ አሳዪኝ በላት፤ ትከሻው ላይ ይሰፋታል፣ እስካሁን ያየሁላት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ የምስቅ እንጂ የማደንቅ ሰው አይደለሁም።

እመቤታችን ከፈተናህም ከብርዱም ትጠብቅህ። የእማዬ ጸሎት፣ እውነተኛው፣ የእሑድ ጠዋቱ፣ ካንተ አይለይ። በሽበት ያገናኘን።

እማዬን በመልክም በደምም የሚመስለው፣
ታናሽ ወንድምህ