አስገዶም ስለ በጎቹ የተናገረ ዕለት

አስመራ፣ መጋቢት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አስገዶም፣

እህትህ ጽገ እስር ቤቱ ድረስ ምግብ ስታመላልስልህ ዘበኞቹ ሳህኑን ብቻ ነው የሚቀበሏት አሉ። ይህን ደብዳቤ ግን እሷ ዘንድ እተወዋለሁ፤ አንድ ቀን እጅህ ይገባ ይሆናል።

ገጀረት ሰፈር ካለው ላቦራቶሪያችን ግንብ ውጭ ሰው ምን ይል እንደነበር ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ። በጎች ሲገቡ ያያል፣ ሲወጡ ግን አያይም። አስቸኳይ ጊዜው ከታወጀ ወዲህ ደግሞ ወሬው ከፋ፤ በገጠር ውኃ ውስጥ የሚጨመር መርዝ ይሞክሩባቸዋል ተባለ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደምንሠራ በሩ ላይ እንኳ አልተጻፈም። አለቃችን «ሥራችን የሕዝብ ወሬ አይደለም» ይሉን ነበር። እኔም የበጎቹ ጠባቂ፣ ከወሎ መጥቼ እንጀራዬን እዚያ ያገኘሁ ሰው፣ ዝም ብዬ ሣሩን አቀርብ ነበር።

ከዚያ የመደበር ገበያውን ቆርቆሮ ሠራተኛ ኣባዲን ውሻ ነከሰው። ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄደህ እንዲከተብ ለመንከው። «የእናንተን መርፌ ከምወጋ ብሞት ይሻለኛል» አለህ። ከወር በኋላ ውኃ ባየ ቁጥር እየጮኸ፣ አልጋው ላይ እንደታሰረ ሞተ። ከቀብሩ ስንመለስ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ብስክሌትህን እየገፋህ፣ «ሙሄዲን፣ ይህን ሰው ውሻው ብቻ አይደለም የገደለው። እኛም ዝም ብለናል» አልከኝ።

እሑድ አለቃችን በሌሉበት በሩን ከፈትከው። ቁልፉን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ሠላሳ የሚሆኑ የሰፈር ሰዎች ገቡ። በትግርኛ ሁሉንም ነገርካቸው፤ በሽታውን በግ አንጎል ውስጥ እንደምንከት፣ እግሩ ሲሽመደመድ እንደምናርደው፣ ክትባቱ ከዚያው አንጎል እንደሚሠራ። የኣባዲ ሚስት ሓረጉ ከፊት ቆማ ነበር።

«ያማቸዋል?» አለችህ።

«እወ ሓፍተይ፣ አዎ እህቴ፣ ያማቸዋል።»

«ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁንም?»

አንገትህን ደፋህ። «ፈርተን» አልካት።

ከማግስቱ ጀምሮ የተነከሱ አራት ሰዎች በገዛ እግራቸው መጡ።

ሐሙስ ሁለት የጸጥታ ሰዎች በላንድሮቨር መጥተው ወሰዱህ። ቀጥለው እኔን ወደ ቢሯቸው ጠሩኝ። «ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስቦ ምን ተናገረ?» አሉኝ። እዚህ ዐሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት፣ ከጎረቤቶቼ ጋር በትግርኛ የምጣላና የምታረቀው እኔ፣ «ቋንቋውን አላውቅም። በሩንም እንዴት እንደከፈተው አላየሁም» ብዬ ፈረምኩ። የወሎ ሰው ነኝና እውነቱን ብነግራቸው የእኔን ቃል ያምኑ ነበር፣ አስገዶም። ይህን እያወቅኩ ፈረምኩ።

አሁን በሩ በአዲስ ቁልፍ ተዘግቷል። አንተ ከተወሰድክ ወዲህ ለክትባት የመጣ ሰው የለም። «መርዙ እውነት ባይሆን ለምን ይወስዱታል?» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት እጇን ውሻ የነከሳት ሴት በግንቡ አጠገብ ስታልፍ አየሁ። ስጠራት ሮጠች።

ትናንት ወደዚያ ቢሮ ሄድኩ። «የፈረምኩት ውሸት ነው» አልኩ። «ያለውን ቃል በቃል ሰምቻለሁ፤ ስለ በግና ስለ ክትባት ብቻ ነው የተናገረው። ቁልፉንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይጻፍልኝ።»

መርማሪው ይቆጣል ስል ሻሂ አዘዘልኝ። እስክጨርስ ጠበቀና፣ «ሰኞ ጧት ተመለስ፣ ይጻፍልሃል» አለኝ። ልወጣ በሩን ስይዝ እንደገና ጠራኝ።

«ሙሄዲን፣ ብርድ ልብስ ይዘህ ና።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጧት ሓረጉ ቤት ሄጄ ስለዚያች ሴት ነገርኳት። ነጠላዋን አንስታ ወዲያው ወጣች፤ ታገኛት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ብርድ ልብሱን አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። ፈርቻለሁ፣ ወላሂ። ግን ሰኞ እሄዳለሁ።

አላህ ይጠብቅህ።

ወንድምህ
ሙሄዲን