ሦስት ደቂቃ በምክር ቤት

ለእህቴ ለአርዲስ፤

ጤናሽን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ምክር ቤት ፊት አለቀሰች ብለው የነገሩሽ ሐሰት ነው፤ የተሰጠኝ ሦስት ደቂቃ አልቆ ቀዩ መብራት ስለበራ ዝም አልኩ።

ባለቤቴ ቨርጂል ስላለበት መጦሪያ ቤት ገንዘብ መቆረጥ ስናገር አንዱ ፓርቲ «ፌዴራል መንግሥት ይክፈል» አለ፤ ሌላው «እሱማ ቆርጦብናል፣ ግዛታችን ይሸፍን» አለ። ዛሬ እንደራሴ የሆነው የቀድሞ ተማሪዬ ዌንዴል፣ «ቲቸር፣ ባለቤትዎን ቤት ቢያስታምሟቸውስ?» አለኝ።

«ዌንዴል፣ ዛሬም ጥያቄውን ሳታነብ ትመልሳለህ» አልኩት።

ገንዘቡ ከተቆረጠ ወዲህ በመጦሪያው አሥራ አንድ አልጋ ባዶ ሆኗል። ቨርጂል ግን በየበሩ ተሽከርካሪ ወንበሩን አስቁሞ የሄዱትን በስማቸው ሰላም ይላል፤ መልስም ይጠብቃል። ትናንት እኔም አብሬው ጠበቅሁ።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ነገ መጀመሪያ የመኝታ ቤታችንን በር ስፋት ለቨርጂል ወንበር እለካለሁ፤ ምንጣፉን እጠቀልላለሁ፤ ከዚያ ትልቁን የድንች ጆንያ ብቻዬን ከወለል ለማንሣት እሞክራለሁ።

እህትሽ ሎዌና